የጋና ቸኮሌት ላይ ዘጋቢ ፊልም ልትሠሩ ነው?

መጀመሪያ ወቅቱን እወቁ። ጋና ውስጥ ዋናው የኮኮዋ ምርት በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው የሚሰበሰበው፤ ከዚያ ውጪ ከሄዳችሁ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ቃለ መጠይቅ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለባለታሪክነት ኩዋፓ ኮኮን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ በ1998 ዛሬ ዲቫይን ቸኮሌት የሚባለው ኩባንያ እንግሊዝ አገር ሲመሠረት ገበሬዎቹ ባለድርሻ ሆነው ገቡ። በጣም የምወደው ነገር ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ገበሬው እዚህ ታሪክ ውስጥ ተረጂ ሳይሆን ባለቤት ነው፣ ፊልማችሁም እንደዚያ ይየው።

እርሻው ላይ አትቸኩሉ። እርጥቡ ፍሬ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ ስድስት ቀን ያህል ይብላላል፣ ሲገለጥ ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ቀለሙም ተለውጧል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በእጅ ሲገላበጥ የሚያሰማውን ድምፅ ማይክ አስጠግታችሁ ቅዱ፤ ሙዚቃ አታልብሱት።

ኮኮዋው የሚመዘንበትን ሚዛን በቅርብ አንሱ። የገበሬውን መሸጫ ዋጋ መንግሥት ስለሚወስን፣ ለገበሬዎቹ የምታቀርቡት ጥያቄ «በማኅበሩ በኩል ከዚያ በላይ ምን አገኛችሁ? አጠቃቀሙን ማን ወሰነ?» ይሁን። የቡና ገበሬ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በዚያ ገንዘብ የውኃ ጉድጓድ ተቆፈረ ካሏችሁ ሄዳችሁ ውኃው ሲቀዳ ቅረጹ። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ንግግር ቢያጥር ግድ የለም።

ሕፃናትን ያለ ወላጅ ፈቃድ በፍጹም አትቅረጹ። አስተርጓሚም ከዚያው አካባቢ ያዙ፣ ትዊ የሚባለውን የጋና ቋንቋ የሚናገር።