ወደ ካናዳ በቋሚነት ለመሄድ ክፍለ ግዛት ሲመረጥ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት የካናዳ በር በሁሉም ክፍለ ግዛቶች አንድ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ኩቤክ ከፌዴራል መንግሥቱ ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 በተፈራረመችው ስምምነት መሠረት በሙያቸው የሚገቡትን ቋሚ ነዋሪዎች ራሷ ስለምትመርጥ፣ በኩቤኳ ሞንትሪያል ለመኖር አስቦ፣ አመልካቾችን በነጥብ አወዳድሮ በሚመርጠው የፌዴራሉ ሥርዓት በኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚያመለክት ሰው ከጅምሩ የተሳሳተ መንገድ ይዟል። ሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች የሚፈልጉትን ሰው በእጩነት ለፌዴራሉ መንግሥት ያቀርባሉ፤ ከሰሜኖቹ ግዛቶች ኑናቩት ግን ይህ ፕሮግራም የላትም።

ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የገባበትን ቦታ ብቻ አይቶ መወሰን ነው። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ቶሮንቶ በቅርብ ዓመታት ከገቡት ቋሚ ነዋሪዎች 29.5 በመቶውን ስትይዝ፣ አራቱ የአትላንቲክ ክፍለ ግዛቶች በአንድነት የያዙት 3.5 በመቶ ነበር። ይሁን እንጂ የእነዚሁ ድርሻ በ2006 ገና 1.2 በመቶ እንደነበረና ከመካከላቸው ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት በ2021 በጠቅላላው ወደ 154 ሺህ ያህል ነዋሪ ብቻ እንደነበራት ሲታሰብ፣ ትንሽ የሚመስለው ቁጥር ለአካባቢው ከባድ ለውጥ ነው።

እጩነትን እንደ መኖሪያ ፈቃድ መቁጠርም የተለመደ ነው። በኤክስፕረስ ኢንትሪ የተገኘ እጩነት 600 ነጥብ ያስጨምራል፤ የጤናና የወንጀል ምርመራውም ሆነ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የፌዴራሉ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው «ፈቃዱን በማኒቶባ አውጣ፣ ከዚያ ቶሮንቶ ትገባለህ» የሚለው ምክር ነው። ምክሩ ግማሽ እውነት ስላለው ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው፤ የ1982ቱ የመብቶች ቻርተር ቋሚ ነዋሪ በፈለገው ክፍለ ግዛት ኖሮ እንዲሠራ ይፈቅዳልና። ሆኖም አመልካቹ ፈቃዱን ከማግኘቱ በፊት እጩ ባደረገው ክፍለ ግዛት ለመኖር እንደሚያስብ ያረጋግጣል፤ ማኒቶባ እንዲያውም የመቋቋሚያ ዕቅድ በጽሑፍ ትጠይቃለች። በማኒቶባ ዋና ከተማ በዊኒፔግ እኖራለሁ ብሎ የጻፈ ሰው ቤቱንም ሥራውንም ቶሮንቶ አዘጋጅቶ ከተገኘ ጉዳዩ ሐሰተኛ መረጃ እንደ መስጠት ሊታይ ይችላል፤ ይህም ወደ ካናዳ ከመግባት አምስት ዓመት ያስከለክላል። እንደ ገቡ ሥራ ጠፍቶ ወይም ቤተሰብ አስገድዶ መዛወር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የመጨረሻው፣ ባለፈው ዓመት ኮታ ማቀድ ነው። ለክፍለ ግዛቶች እጩዎች ለ2024 ታቅዶ የነበረው 110 ሺህ ቦታ ለ2025 ወደ 55 ሺህ ስለወረደ፣ ቀድሞ በቀላሉ ያለፈ ወዳጅ የሚሰጠው ምክር ዛሬ ላይሠራ ይችላል።