ደበርጃኔን ያነጣው ምን ነበር?

መራዊ አጠገብ፣ በቆጋ መስኖ ከሚጠጣው ማሳዬ ጥግ አራት መደብ ደበርጃን ተክዬ ነበር። መጋቢት ሲገባ ቅጠሉ በነጫጭ ነጠብጣብ ተሞላ። ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ነፍሳት መስሎኝ ፀረ ነፍሳት መድኃኒት ሁለቴ ረጨሁ። ባሰበት! በሳምንቱ ቅጠሉ ገረጣ፣ ጀርባው ላይም ስስ ድር ታየ።

አንድ አዛውንት ጎረቤቴ "እስቲ ነጭ ወረቀት አምጣ ልጄ" አሉኝ። ቅጠሉን ወረቀቱ ላይ መታ መታ አደረጉት። የበርበሬ ብናኝ የመሰለ ነገር ረገፈ። ዝም ብለን ስናየው መሄድ ጀመረ። በጣቴ ሳሸው ቀላ ያለ ምልክት ተወ። ለካ ቀይ ሸረሪት ነው! ስምንት እግር ያለው ፍጡር እንጂ ነፍሳት አይደለም። የረጨሁት መድኃኒት እሱን ትቶ፣ እሱን የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳት ነው የጨረሰው። ይኼ እስካሁን ይቆጨኛል።

መርጨቱን ተውኩት። ክፉኛ የተጎዱትን ቅጠሎች ለቅሜ ቀበርኩ። ከዚያ የጀርባ መርጫዬን አጥቤ ንጹሕ ውኃ ሞላሁና፣ በማለዳ የቅጠሉን ጀርባ በኃይል አጠብኩ። ዋናው ጀርባው ነው፤ ላዩን ብቻ ማርጠብ ከንቱ ልፋት ነው። በሙቀት ወቅት ከእንቁላል ተነስቶ ለመራባት አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ በየ3 ቀኑ፣ ለ3 ሳምንት ደጋገምኩት። ውኃ የጠማው ተክል ይበልጥ ይጠቃል፤ የውኃ ተራዬን አንድም ቀን አላሳለፍኩም። አቧራም ይመቸዋል፤ መንገድ ዳር ያለውን መደብ አብዝቼ አጠብኩ።

አሁን አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ነው። የነጣው ግን አይመለስም፣ አትጠብቁት። ወረቀቷን ኪሴ ይዤ በየሳምንቱ እፈትሻለሁ።