ስለ ማላያ እፉኝት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ታይላንድ፣ ካምቦዲያ፣ ቬትናም፣ ሰሜን ማሌዢያና ጃቫ ውስጥ የምትገኘው ይህች እፉኝት ሳይንሳዊ ስሟ ካሎሴላስማ ሮዶስቶማ ነው። ስለ ሌሎች እፉኝቶች የምናውቀውን ሁሉ ለእሷም ስንሰጣት መሳሳት እንጀምራለን።

በዓይኗና በአፍንጫዋ መካከል፣ በግራና በቀኝ፣ አንዳንድ ጉድጓድ አለ። ጆሮ ነው ወይም ትርፍ አፍንጫ ነው ማለት ስህተት ነው። በጉድጓዱ ውስጥ በነርቭ ጫፎች የተሞላ እጅግ ስስ ሽፋን ተወጥሯል። ከአይጥ ገላ የሚወጣው ሙቀት ሲያርፍበት ሽፋኑ ይሞቃል፤ ነርቩም ወሬውን ለአንጎል ያደርሳል። የሁለቱ ጉድጓዶች ወሬ ሲገናኝ አይጧ በየት በኩል እንዳለች ይታወቃል። ጨለማ እንኳ አያግዳትም፤ ከተፈጥሮ ጥበብ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ ጥቂት ነው።

ከአገራችን እፉኝቶች ጋር በአንድ ንዑስ ቤተሰብ መመደብም ትክክል አይደለም። ባለጉድጓድ እፉኝት በመላው አፍሪካ የለም። የእሷ የቅርብ ወገኖች የእስያና የአሜሪካ ናቸው፤ ጅራታቸውን የሚያንኳኩት የአሜሪካ እባቦችም ከእነዚሁ ይቆጠራሉ።

የጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ የሃይንሪክ ኩል መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1824 ከታተመ ወዲህ ስሟ ተለዋውጧል። በቆዩ መጻሕፍት አግኪስትሮዶን ሮዶስቶማ የተባለችው ራሷ ናት፤ ሌላ ዝርያ አይደለችም። ዛሬ ካሎሴላስማ በተባለው ወገን (ጂነስ) ውስጥ ብቻዋን ተመድባለች።

እፉኝት ሁሉ ይወልዳል የሚለውም ለእሷ አይሠራም። እንቁላል ትጥላለች፤ እስኪፈለፈልም ድረስ ተጠምጥማ ትጠብቀዋለች።

ሰው ሲመጣ ትሸሻለች ብሎ መተማመን ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። ጎኗ ላይ በተደረደሩት ጥቁር ቡናማ ሦስት ማዕዘኖች ከደረቅ ቅጠል ጋር ተመሳስላ፣ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ትተኛለች። በጎማ ዛፍ እርሻ ውስጥ በባዶ እግሩ የሚሠራ ገበሬ የሚረግጣት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የተነከሰውን ቦታ መብጣትና ደሙን መምጠጥ ነው። መርዟ ደም የሚረጋበትን ፋይብሪኖጅን የተባለ ፕሮቲን ያሟጥጣል፤ የተበጣው ቁስል መድማቱን ላያቆም ይችላል። እግርን በገመድ አጥብቆ ማሰርም ሥጋውን ይጎዳል። የሚሻለው የተነከሰውን እግር ሳያንቀሳቅሱ በፍጥነት ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። በዚያም ጥቂት ደም በንጹሕና በደረቅ የመስታወት ቱቦ ተቀድቶ ለ20 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጣል። ቱቦው ሲዘነበል ደሙ ገና ፈሳሽ ከሆነ መርዙ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነውና ለዚህች እባብ የተዘጋጀው ፀረ መርዝ ይሰጣል።