ዘንባባን ቤት ውስጥ ማሳደግ፦ ከባህር ዳር እስከ እንጅባራ

ባህር ዳር ለኖረ ሰው ዘንባባ ብርቅ አይደለም። ጎዳናው ሁሉ በዘንባባ ነው የታጀበው። ጣጣው የሚጀምረው ሳሎን ውስጥ በማሰሮ ላሳድገው ሲባል ነው። ከችግኝ ሻጭ ለምለም ሆኖ የመጣው ተክል ከጥቂት ወራት በኋላ ጫፉ ይደርቃል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ "ቤቴ አልተስማማውም" ተብሎ በረንዳ ጥግ ይወረወራል። ቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አላደረገውም። የገደለው ወይ ለከተማው የማይሆን ዓይነት መገዛቱ ነው፣ ወይ ውሃ መብዛቱ። እነዚህን ሁለቱን ካስተካከላችሁ የቀረው ቀላል ነው።

መጀመሪያ፦ ከተማችሁን እዩና ዓይነቱን ምረጡ

ባህር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ትጠጋለች። እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 በላይ ነች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ሊጥልባት ይችላል። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በግምት 6 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ ባህር ዳር ያለችው እህታችሁ ቤት የሚያምረው ዘንባባ እንጅባራ ላይ ቢሞት አይግረማችሁ።

ችግኝ ጣቢያ ብዙ ጊዜ የምታገኙት አሬካ የሚባለውን ነው። ቀጫጭን ግንዶቹ ብዙ ናቸው፣ ቢጫ ቢጫ ይላሉ። የመጣው ከማዳጋስካር ነው፣ ሙቀት ይወዳል። ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ያዝናል። ለባህር ዳርና ለፍኖተ ሰላም ጥሩ ነው። ማርቆስ ላይ ከመስኮት ብርድ ራቅ ብሎ ሳሎን ውስጥ ከተቀመጠ ይኖራል፣ ብዙ እድገት ግን አትጠብቁ። እንጅባራ ያላችሁ ይለፋችሁ።

ለደጋው ራፒስን እመርጣለሁ። የደቡብ ቻይና ተክል ነው፣ ቅጠሉ እንደተዘረጋ የእጅ ጣት ነው፣ ብርዱንም ጥላውንም ይችላል። ኬንቲያም እንደዚሁ ቻይ ነው፤ ሎርድ ሃው ከምትባል የአውስትራሊያ ደሴት የመጣ ሲሆን እድገቱ ዘገምተኛ ስለሆነ በየትም አገር ውድ ነው። ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ ፓርለር ፓልም ይበቃችኋል። በሜክሲኮና በጓቲማላ ጫካ ውስጥ ከትላልቅ ዛፎች ስር የሚበቅል ትንሽ ዘንባባ ስለሆነ ብዙ ብርሃን አይጠይቅም። ፀሐይ የሚገባበት በረንዳ ካላችሁ ደግሞ ፊኒክስ ሮቤሌኒ፣ ማለትም ድንኩ ቴምር፣ ያምራል። የቅጠሉ ሥር እሾህ ስላለው ግን ሕፃን የሚድህበት ቤት ባይገባ ይሻላል።

በወንዝ ዳር የሚበቅለውን የአገራችንን ዘንባባ ቆፍሮ ለማምጣት የሚያስብ አለ። ተዉት። ሥሩ ሲቆረጥ ሊሞት ይችላል፣ ቢተርፍም ለሳሎን የማይሆን እሾሃም ግዙፍ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሳይካስ የሚባለው፣ ጠንካራ ቅጠል ያለውና ዘንባባ ተብሎ የሚሸጠው፣ ዘንባባ አይደለም። ቅጠሉም ፍሬውም መርዝ ነው። ውሻ ከበላው ሊሞት ይችላል። ልጅ ካላችሁ ሁለት ጊዜ አስቡበት።

ስትገዙ

የመሃሉን ቅጠል እዩ። ያልተከፈተው፣ እንደ ጦር ቀጥ ያለው አረንጓዴና ጠንካራ መሆን አለበት። ቀስ ብላችሁ ሳብ ስታደርጉት ከወጣ ልቡ፣ ማለትም አዲስ ቅጠል የሚወጣበት ቦታ፣ በስብሷል፣ ባለቤቱ ግማሽ ዋጋ ቢላችሁም አትውሰዱት። ዘንባባ እንደ ሌላ ዛፍ ከጎን አያቆጠቁጥም፤ አንድ ግንድ አንድ ልብ ብቻ ነው ያለው፣ እሱ ከሞተ ግንዱ አለቀለት። ከዚያ ቅጠሉን ገልብጡና ነጭ ነገር ወይም ድር መኖሩን ተመልከቱ። አሬካና ፓርለር ብዙ ችግኝ በአንድ ላይ ተተክሎ ነው የሚሸጠው። "አንዱን ለአክስቴ እከፍልላታለሁ" ብላችሁ አትለያዩት፣ ሥሩ ተጠላልፏል፣ ሲለያይ ይበጣጠሳል።

አፈሩና ማሰሮው

እዚህ ላይ ነው ጊዜ መስጠት ያለባችሁ።

የጎጃም መረሬ ለጤፍ ይሁን እንጂ ለማሰሮ አይሆንም። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ ቀጫጭኑን ሥር ይበጥሳል። ቀይ አፈር ይሻላል፣ እሱም ብቻውን ሲሆን ይጠጥራል። እኔ የምቀላቅለው እንዲህ ነው፦ ሁለት እጅ ሸካራ የወንዝ አሸዋ ወይም ቀላሉ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ አንድ እጅ የተነፋ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት። ጠጠሩ የዘንገና ሐይቅ ባለበት በእንጅባራ በኩል አይጠፋም። በዚህ ላይ ከከሰል ጆንያ ሥር የሚቀረውን ፍርፋሪ ሁለት ሦስት እፍኝ ጨምሩበት። በአዊ ያለው ፋግታ ለኮማ ዴከረንስ በሚባለው የግራር ዓይነት ከሰል የታወቀ አገር ስለሆነ ፍርፋሪው በነፃ ይገኛል። ዱቄቱን ግን ንፉና አውጡት፣ ቀዳዳውን ይደፍናል።

ድብልቁ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ማሰሮ ሙሉና ውሃ አፍስሱበት። ውሃው ላዩ ላይ ሳይቆም ወዲያው ሰርጎ ከስር መውጣት አለበት። ከተኛ አሸዋ ጨምሩ።

ማሰሮው ምንም ሊሆን ይችላል። የሸክላ፣ የፕላስቲክ፣ ያለቀ የቀለም ባልዲም ይሆናል። ዋናው ከስሩ መበሳቱ ነው። ወፍራም ሚስማር አግላችሁ አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ከስር ጠጠር መደርደር ግን ብዙዎቻችን የለመድነው ከንቱ ድካም ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው አፈሩ ጠጥቶ ጠግቦ ሲያበቃ ነው፣ ስለዚህ ጠጠሩ ያደረገው ነገር ቢኖር እርጥቡን ክፍል ወደ ሥሩ ከፍ ማድረግ ነው። ቀዳዳው ላይ አንድ ስባሪ ሸክላ በቂ ነው።

አዲሱ ማሰሮ ከአሮጌው በአራት በአምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይስፋ። "ያድግበታል" ተብሎ ትልቅ ጋን ውስጥ የተተከለ ትንሽ ዘንባባ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ መበስበስ ይጀምራል። ስታዛውሩ ሥሩን የያዘውን የአፈር ጓል አታፍርሱት። ፕላስቲኩን በምላጭ ቀዳችሁ አውጡና እንዳለ አስገቡት። ጥልቀቱ የነበረበት ይሁን። ግንዱ ከተቀበረ ሥሩ አየር ያጣል፣ አዲሶቹ ቅጠሎች እየገረጡ ይወጣሉ። ለዚህ ሥራ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጥሩ ነው፣ አፈሩ ሲሞቅ ሥር ቶሎ ይይዛል። ገዝታችሁ ባመጣችሁበት ቀን ግን አታዛውሩ። መጀመሪያ ቤቱን ይልመድ።

ብርሃኑ

ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጣው ምክር ሁሉ "የደቡብ መስኮት" ይላል። የነሱ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለሆነ ነው። እኛ ጋር ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ አናታችን ላይ ሆና ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ በመስኮት አትገባም። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን በደቡብ መስኮት ጠልቃ ትገባለች። ስለዚህ በበጋ ማሰሮውን ከደቡብ መስኮት ራቅ አድርጉት፣ በክረምት ደመናው ስለሚያጨልም አስጠጉት። የምሥራቅ የጠዋት ፀሐይ ለሁሉም ይስማማል። የምዕራቡ የመጋቢትና የሚያዝያ ከሰዓት ፀሐይ ባህር ዳር ላይ ቅጠል ይለበልባል።

በረንዳ ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ በጣም አትጠጉ፣ ሙቀቱ ከላይ ይወርዳል። ከጥላ ወደ ፀሐይ ስትወስዱትም በአንድ ጊዜ አይሁን። መጀመሪያ የጠዋት ሰዓት ብቻ፣ ከዚያ እየጨመራችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፍጅ። የተቃጠለ ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም።

ውሃ

"በሳምንት ስንት ጊዜ?" የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ባህር ዳር በሚያዝያ ወበቅ በየሦስት በየአራት ቀኑ ሊፈልግ ይችላል፣ ያው ተክል ማርቆስ በሐምሌ ሁለት ሳምንት ምንም ሳይጠጣ ይከርማል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። ካልተሰማችሁ ከስር እስኪወጣ አጠጡና ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉ። በየቀኑ አንድ ኩባያ ጠብ ማድረግ የከፋ ነው፣ ላዩ ብቻ ይረጥባል፣ የታችኛው ሥር ይጠማል።

ሰው የሚሸወድበት ቦታ ይሄ ነው፦ ውሃ የበዛበት ዘንባባም ይጠወልጋል። ሥሩ ስለበሰበሰ መጠጣት አይችልም፣ ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል፣ ባለቤቱ አዝኖ ሌላ ውሃ ይጨምራል፣ አለቀ። ጠውልጎ አፈሩ እርጥብ ከሆነና ከሸተተ ውሃ አቁሙ። አውጥታችሁ እዩት፣ ጥቁርና ልፍስፍስ የሆነውን ሥር ቆርጣችሁ በደረቅ ድብልቅ እንደገና ትከሉት። ይድናል ብዬ ግን ቃል አልገባም።

ክረምት ሲገባ ከቆርቆሮ የሚወርደውን ውሃ አጠራቅሙ፣ ከቧንቧው የተሻለ ነው። ዝናብ ላይ ለጥቂት ሰዓት ብታወጡትም ቅጠሉ ይታጠባል፣ አፈሩ ውስጥ የተከማቸው ጨውም ወርዶ ይሄዳል። የቅጠል ጫፍ እንዲደርቅ ከሚያደርጉት አንዱ ይሄው ጨው ነው። ክረምቱን ሙሉ ውጭ ረስቶ መተው ግን አይሆንም። ባህር ዳር ላይ በሐምሌ ብቻ ወደ 400 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፣ የትኛውም ማሰሮ አይችለውም።

እንግዳ ሲመጣ የተረፈውን ቡና ማሰሮው ውስጥ ደፍቶ የሚሄድ አለ። አተላውም እዚያው ይደፋል። ሻጋታና ትንኝ ነው የሚጠራው። በዘዴ ሌላ ቦታ አሳዩዋቸው።

ምግብ

ገበሬው ዘመድ "ዩሪያ ጣል አድርጉበት" ይላችኋል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፣ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ሥር ያቃጥላል። ኤን ፒ ኤስ የሚባለው ማዳበሪያም ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር እንጂ ፖታሲየም የለውም፣ ዘንባባ ደግሞ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ወዳጅ ነው። አሮጌው ቅጠል ላይ ቢጫና ብርቱካናማ ነጠብጣብ ከወጣ ብዙ ጊዜ የፖታሲየም ማነስ ነው። ጠርዙ ቢጫ ሆኖ መሃሉ አረንጓዴ ከቀረ ማግኒዥየም አንሶታል። በደንብ የበሰበሰ የበግ ፍግ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በመጋቢት አንዴ በመስከረም፣ ላዩ ላይ በስሱ በትኑ። የእንጨት አመድ ፖታሲየም አለው፤ አፈራችን አሲዳማ ስለሆነ አንድ ማንኪያ አይጎዳም፣ ከዚያ በላይ አታብዙ። የሚያጨሰው ምድጃ ላይ ፕላስቲክ ከተቃጠለ ግን አመዱን አትጠቀሙ።

መቁረጥ

ሙሉ በሙሉ የደረቀውን ብቻ ቁረጡ። ግማሹ ቢጫ የሆነው ቅጠል ፖታሲየሙን ለአዲሱ እያስተላለፈ ስለሆነ ሥራ ላይ ነው። ጫፉ ብቻ ከደረቀ በመቀስ ከርክሙት፣ አረንጓዴውን ሳትነኩ ትንሽ የደረቀ ጠርዝ ተዉለት። ሆሳዕና ሲደርስ ደግሞ ልጆቹን አስጠንቅቁ። ለመስቀልና ለቀለበት የሚፈለገው ያልተከፈተው ለስላሳ ቅጠል ነው፣ እሱም የሚወጣው ከልቡ ነው። ትልቅ የግቢ ዛፍ ይችለዋል። የማሰሮው ግን አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፣ እጅ ጠልቆ ከገባም ይሞታል። የሆሳዕናውን ከሻጭ ግዙ።

ከዘር ማብቀል

በርካሽ መጀመር የሚፈልግ የበላውን ቴምር ፍሬ አይጣለው። ሥጋውን አጥባችሁ ውሃውን እየቀየራችሁ ሁለት ቀን ዘፍዝፉት። በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አስገቡና ሙቅ ቦታ፣ ለምሳሌ ፍሪጅ አናት ላይ፣ አስቀምጡት። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያለ ሙቀት ይፈልጋል፤ ደጋ ላይ ያላችሁ ረዘም ያለ ትዕግስት ያዙ። ሥሩ ብቅ ሲል ጥልቅ ነገር ውስጥ ትከሉት፣ ምክንያቱም ቴምር መጀመሪያ የሚያድገው ወደ ታች ነው። አንገቱ የተቆረጠና ከስሩ የተበሳ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ልክ ይሆነዋል። የመጀመሪያው ቅጠል ሣር ነው የሚመስለው፣ አረም ነው ብለው የሚነቅሉት አሉ። የተከፋፈለ ቅጠል እስኪያወጣ ዓመትም ከዚያ በላይም ሊፈጅ ይችላል። ፀሐይ ስጡት። ማሰሮ ውስጥ ቴምር ይበላል ብላችሁ ግን አታስቡ፤ ወንዱና ሴቱም የተለያየ ዛፍ ነው።

ተባይ

በበጋ አየሩ ሲደርቅ ጥቃቅን ሸረሪት መሰል ነገር ቅጠሉ ስር ድር ይሠራል፣ ነጭ ጥጥ የመሰለውም ይመጣል። በእርጥብ ጨርቅ ሁለቱንም ገጽ ጥረጉ። ካልለቀቀ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ማታ ርጩና ጠዋት አጥቡት፣ በሳምንቱ ድገሙት። ዱቄት ሳሙና አይሁን፣ ቅጠሉን ያቃጥላል።

ጣሪያ ሲነካስ?

ኬንቲያና አሬካ እየቆዩ ጣሪያ ይደርሳሉ። አናቱን ቆርጦ ማሳጠር አይቻልም፣ የተቆረጠው ግንድ እዚያው ያበቃል። አሬካ ብዙ ግንድ ስላለው ረጅሙን ከስሩ ቆርጣችሁ አጫጭሮቹን ማቆየት ትችላላችሁ። ኬንቲያውን ግን ጣሪያው ከፍ ላለ ሰው መሸጥ ወይም መስጠት ነው። ስታጓጉዙት ቅጠሉን ወደ ላይ ሰብስባችሁ በነጠላ እሰሩት፣ መኪና ላይም ተኝቶ ይሂድ፤ ቆሞ ከሄደ ነፋሱ ልቡን ይሰብረዋል።