አይ7 ተብሎ የተገዛ ላፕቶፕ ጌም ላይ ለምን ይንቀራፈፋል? ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው የሚመጡ ልጆች ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ የሚሉት አንድ ነው። «ፎርማት አድርግልኝ፣ ስታክ እያደረገ አስቸገረኝ።» የደሴዎቹም እንደዚያው ናቸው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጥገና ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ይህን ያልሰማሁበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። ብዙዎቹ ማሽኖች ግን ፎርማት አይፈልጉም። ዊንዶውሳቸው ደህና ነው። ወይ ባለቤቱ ከላፕቶፕ ፕሮሰሰር የዴስክቶፕ ሥራ እየጠበቀ ነው፣ ወይ ፕሮሰሰሩ በሙቀት ታንቋል።

ሬስታርት አድርጉ፣ ቫይረስ ፈትሹ፣ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ እዩ እያልኩ ጊዜ አልፈጅም። ያንን ሁሉም ያውቀዋል።

ጌሙ ጥሩ ይጀምርና ትንሽ ቆይቶ ይቆራረጣል

ሁልጊዜ የማየው ይህን ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው።

አንድ የኮምቦልቻ ተማሪ ኮር አይ7 ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ጂቲኤ 5 ሲከፍት መኪናው ለጥቂት ጊዜ ደህና ይሄዳል፣ ከዚያ ምስሉ መዝለል ይጀምራል። ሁለት ቦታ ፎርማት አስደርጓል፣ ሁለቱም ቦታ ከፍሏል። ራም ጨምር ተብሎም ጨምሯል። «ወላሂ ጋሼ፣ አይ7 ነው፣ ስቲከሩን ይዩት» አለኝ።

ስቲከሩ አልዋሸም። ታስክ ማናጀር ከፍቼ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ስገባ ግን ሙሉ ስሙ ወጣ፦ አይ7-7500ዩ (i7-7500U)። ዝቅ ብሎ ደግሞ ኮር፣ ማለትም ራሱን ችሎ የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል፣ 2 ይላል። «ሁለት?» አለ ልጁ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ደግሞ አነበበው። አይ7 የተባለ ሁሉ ቢያንስ አራት ኮር ያለው መስሎት ነበር። የሸጠለት ሰውም እንደዚያ ብሎ ነው የሸጠለት።

ነገሩ ያለው ከቁጥሩ ኋላ ባለችው ፊደል ላይ ነው። ዩ ማለት ባትሪ እንዲቆጥብ የተሠራ ማለት ነው። ይህ ፕሮሰሰር 2 ኮርና 4 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) አለው፣ የተመደበለትም 15 ዋት ነው። ያን ቀን አጠገቤ አንድ የመሥሪያ ቤት አሮጌ ዴስክቶፕ ነበር፣ ውስጡ አይ5-7500 ያለው። ፊደል የለውም። 4 ኮር፣ 65 ዋት፣ መነሻ ፍጥነቱ 3.4 ጊጋኸርዝ። ሁለቱም 7ኛ ትውልድ ናቸው፣ የሁለቱም ቁጥር 7500 ነው፣ ግን አይ5 የተባለው አይ7 ከተባለው በጣም ይበልጣል። ምስሉን የምትሠራ አንዲት ትንሽ ግራፊክስ ካርድ ሰክቼ ያንኑ ጌም ከፈትኩለት። ግማሽ ሰዓት ተጫወተ፣ አልዘለለም። ካርዷም የራሷ ድርሻ እንዳላት ነግሬዋለሁ። ላፕቶፑ ላይ ግን ካርድ የምትሰኩበት ቦታ የለም፣ ልዩነቱ ይህም ጭምር ነው።

ታዲያ ለምን መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይሆናል? የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሥራ ሲጀምር ከተመደበለት ዋት በላይ ለአጭር ጊዜ እንዲስብ ይፈቀድለታል። ብዙውን ጊዜ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይሮጣል። ጊዜው ሲያልቅ፣ ወይም ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ላፕቶፕ የሚያሳዩዋችሁ ለስንት ደቂቃ ነው? ያበሩታል፣ አንድ ቪዲዮ ያጫውታሉ፣ ይዘጉታል። በዚያች ደቂቃ የማይፈጥን ላፕቶፕ የለም። ሻጩን «20 ደቂቃ ጌም ላይ ይቆይልኝ» በሉት፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ። ካኮረፈ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ከመክፈላችሁ በፊት ታስክ ማናጀር ላይ ሙሉ ስሙን በዓይናችሁ አንብቡ፣ ስቲከር በማንም እጅ ሊለጠፍ ይችላል።

መፍትሄው እንግዲህ እንደ ፊደሉ ነው። ዩ ከሆነና ትውልዱ 7ኛ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ለከባድ ጌም አትድከሙ። ሪዞሉሽኑን ወደ 720 አውርዱት፣ ሼዶውን አጥፉት፣ ቀለል ያለ የኳስ ጌም ይሄዳል፣ በቃ። በ2017 ከወጣው 8ኛው ትውልድ ጀምሮ አይ5 እና አይ7 ዩዎች ቢያንስ 4 ኮር ሆነዋል። አይ5-8250ዩ 4 ኮርና 8 ትሬድ ስላለው ለመካከለኛ ጌም ይታገላል። ኤችኪው ወይም ኤች የሚል ካለበት ጨዋታው ሌላ ነው፣ 45 ዋት ነው። አይ7-7700ኤችኪው 4 ኮርና 8 ትሬድ አለው፣ ጌም የሚችለው ላፕቶፕ ይህ ዓይነቱ ነው። ባትሪ ይበላል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ያንን አውቃችሁ ግዙት። ራይዘን የተባለውን የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ስትገዙም ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አትቸኩሉ፣ 7520ዩ የወጣው በ2022 ቢሆንም ውስጡ ያለው ንድፍ ከ2019 ጀምሮ የነበረው ነው።

አሁንም 8 ጊጋ ራም በአንድ ፍሬ ብቻ ከገባበትና ሁለተኛ ማስገቢያ ካለው፣ ሌላ ፍሬ ጨምሩበት። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ለምስሉም የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ነው፣ በሁለት ፍሬ ሲሆን መንገዱ ይሰፋለታል። የዚያ ልጅ ላፕቶፕ ግን ይህም ተደርጎለት ነበር፣ 2 ኮሩ ነው የያዘው።

«ፕሮሰሰሩን ቀይርልኝ» የሚለኝም አይጠፋም። የዛሬ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ማዘርቦርዱ ላይ በብየዳ ተጣብቋል፣ እንደ ዴስክቶፕ ተነቅሎ አይገባም። እቀይራለሁ የሚላችሁ ሰው ካለ ላፕቶፑን አትተዉለት። ዴስክቶፕ ላይ መቀየር ይቻላል፣ አይ5-7500 የነበረበት ቦርድ ብዙውን ጊዜ አይ7-7700ን ይቀበላል። ግን ተጠንቀቁ። አንዱ ደንበኛዬ ሳይጠይቅ 8ኛ ትውልድ ገዝቶ መጣ። ሶኬቱ 1151 ስለሚባል ልክ ገባ፣ ኮምፒውተሩ ግን አልተነሳም። ስሙ አንድ ቢሆንም የ7ኛው ቦርድ 8ኛውን አያነሳም። ሻጩ አልመልስም አለው፣ ልጁ ገንዘቡን የከፈለበትን ፕሮሰሰር መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦት ቀረ።

ድሮ ይችለው የነበረውን ጌም አሁን አልቻለም፣ ፋኑም ይጮኻል

ይህ ሙቀት ነው። ደሴ ብርድ ስለሆነች ላፕቶፕ አይግልም የሚል ሰው ብዙ ነው። ስህተት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ በባሕር ወለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ያው ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ብርዱ ያካክሰዋል፣ መንገዱ ካልተዘጋ። የሚዘጋው ደግሞ ያው ብርዱ ባመጣው ነገር ነው።

የሆጤ ሰፈር አንድ ልጅ ማታ ማታ አልጋ ላይ ሆኖ፣ ጋቢውን ጭኑ ላይ አጥፎ፣ ላፕቶፑን እዚያ ላይ አስቀምጦ ይጫወታል። ታች ያለውን የአየር መግቢያ ጋቢው ይደፍነዋል፣ ፋኑ ደግሞ የሚያገኘውን ሁሉ ይስባል። በካቻቢቴ ፈትቼ የኋላ ክዳኑን ሳነሳ ፋኑ ንጹሕ ይመስላል። ፋኑን ነቅዬ ከመዳቡ ክንፎች ፊት ለፊት ያለውን ሳይ ግን ነጭና ግራጫ ነገር ተጋግሯል። በመቆንጠጫ ጫፉን ይዤ ሳብኩት፣ እንደ ምንጣፍ ቁራጭ ሳይበጠስ ወጣ። ከጋቢው የረገፈ ጥጥና አቧራ ነው። ባለቤቱ በእጁ ይዞ ብዙ አየው። የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ መዳቡ እንዲያስተላልፍ የሚቀባው ፔስት ደግሞ ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቋል። ጸዳ፣ አዲስ ፔስት ተቀባ፣ ጌም ላይ 98 ዲግሪ የነበረው 80 ላይ ቆመ። ሌላ ምንም አልተነካም።

ራሳችሁ የምትከፍቱ ከሆነ ባትሪውን መጀመሪያ ንቀሉ። አቧራውን በብሎወር ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፣ እንደፈለገ ካሽከረከራችሁት ይበላሻል። ፔስቱን የሩዝ ፍሬ ያህል ብቻ። እባካችሁ በጥርስ ሳሙና አትቀቡ! ሦስት ጊዜ አጋጥሞኛል። ለጥቂት ቀን የሠራ ይመስላል፣ ከዚያ ይደርቅና ከበፊቱ ይብሳል። ርካሽ ፔስትም አትግዙ፣ ውሃ የሚመስለው በወራት ውስጥ ይደርቃል። ማጽዳቱ በዓመት አንዴ ይበቃል፣ አልጋ ላይ ለሚጠቀም ግን አይበቃም። አልጋ ላይ ካላችሁ አንድ ጣውላ ወይም የምግብ ትሪ ከሥሩ አድርጉ።

ኤክሴል እንኳ ይንቀራፈፋል፣ ሙቀት የለም

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ «ልጄ፣ ደመወዝ ልሠራ ብዬ ፋይሉ አልከፈት አለኝ» ብለው መጡ። ታስክ ማናጀር ላይ ፍጥነቱ 0.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ ተቸክሏል፣ ከዚያ አይወጣም። ላፕቶፑን አልፈታሁትም፣ ቻርጀሩን ነው ያየሁት። አሮጌው ተቃጥሎባቸው መንገድ ላይ ርካሽ ገዝተዋል። አንዳንድ ላፕቶፖች በቻርጀሩ ጫፍ መሃል መርፌ የምታክል ፒን አለቻቸው፣ በእሷ በኩል ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሆነ ይጠይቃሉ። መልስ ካላገኙ ባትሪውን አይሞሉም፣ ፕሮሰሰሩንም ያስሩታል። የራሴን ቻርጀር ስሰካ ወዲያው 3 ጊጋኸርዝ አለፈ። ፎርጅዱ ቻርጀር የፔስቱን ያህል ነው የሚያናድደኝ፣ ሰው ለፎርማት ሲከፍል ይኖራል። ፒኗ ተጣማ ወይም ተሰብራም ሊሆን ስለሚችል አይታችሁ ግዙ። እገዳውን በሶፍትዌር የሚያነሱ አሉ፣ በደካማ ቻርጀር ላይ ያንን አታድርጉ፣ ቻርጀሩ ይግላል፣ እሳት ነው።

ቻርጀሩ ኦርጂናል ሆኖ ፍጥነቱ ከታች ከቀረ ፓወር ሞዱ ቁጠባ ላይ እንዳይሆን እዩ።

ዴስክቶፑ ይነሳል፣ ምስል የለም

ፕሮሰሰሩ ኤፍ የሚል ፊደል ካለው፣ ለምሳሌ አይ5-12400ኤፍ፣ የራሱ ግራፊክስ የለውም። የስክሪኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቅላችሁ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሰኩት። ካርድ ከሌለ ምስል የለም። አልፎ አልፎ የሶኬቱ ፒን ተጣሞ ይገኛል።

ዴስክቶፑ ጌም መሃል ድርግም ብሎ ይጠፋል

ከመሥሪያ ቤት የወጡ ትንንሽ ዴስክቶፖች ፓወር ሰፕላያቸው ብዙውን ጊዜ 200 ዋት አካባቢ ነው። ትልቅ ካርድ ሰክታችሁ አትሞክሩ። ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ፣ 75 ዋት የሚበቃው ካርድ ይበቃል፣ ጂቲኤክስ 1650 ወይም 1050 ቲአይ ዓይነት። ለሳጥኑ የሚሆነውን አጭሩን ምረጡ።

ለሥራ ብቻ ነው የምፈልገው፣ የትኛው ይሻላል?

ይህ ብልሽት ባይሆንም በየቀኑ እጠየቃለሁ። ለወርድ፣ ለኤክሴል፣ ለሒሳብ ሶፍትዌሩ ለፒችትሪ ያቺ ጌም ላይ የወቀስኳት 15 ዋት ዩ በደንብ ትበቃለች። 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ይኑራት እንጂ። መብራት ሲሄድ ሥራው አይቋረጥም፣ ይህ በእኛ ከተማ ቀላል ነገር አይደለም። ዊንዶውስ 11 የምትፈልጉ ከሆነ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ግዙ፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በጥቅምት ወር 2025 በፈረንጆቹ አብቅቷል።

የሰርግ ቪዲዮ የምትሠሩ ግን ዴስክቶፕ ያዙ። ሬንደር ማለት ፕሮሰሰሩ ለሰዓታት ሙሉ በሙሉ የሚሠራበት ነው፣ የላፕቶፕ የግማሽ ደቂቃ ሩጫ እዚያ አይረባም። ዩፒኤስ አብራችሁ ግዙ፣ ሬንደሩን አይጨርስላችሁም፣ ፋይሉን ሴቭ አድርጋችሁ እስክትዘጉ ድረስ ግን ያቆያችኋል።