ግራፊክስ ካርድ ልትገዛ ነው? መጀመሪያ ፓወር ሰፕላይህን እይ

ባሕር ዳርም ሁን ደብረ ማርቆስ፣ ለጌም አዲስ ግራፊክስ ካርድ ከመግዛትህ በፊት ኬዝህን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ክፈትና ፓወር ሰፕላይህ፣ ማለትም ለውስጥ ክፍሎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ። በትልቁ የተጻፈው ዋት ብቻውን አያሳምንህ፤ የ12 ቮልቱ መስመር ስንት ዋት እንደሚሰጥ ፈልግ፣ ካርዱ በዋናነት የሚበላው ከዚያ ነው። አርቲኤክስ 4060 የተባለው የኤንቪዲያ ካርድ ራሱ የሚወስደው 115 ዋት ገደማ ነው፣ ኩባንያው ግን ለሙሉ ኮምፒውተሩ የ550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። 4070 ከሆነ 200 ዋት ይወስዳል፣ 650 ያዝለት። ስም የለሽ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ እባክህ አትግዛ፤ ሲቃጠል ካርዱንም ይዞት ሊሄድ ይችላል።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ስታቢላይዘር ግዛ፣ አቅም ካለህ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ)። ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀል፣ ሲመጣም ትንሽ ጠብቅ።

ወደ ማቀዝቀዣው ስንመጣ፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ፋኑም የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ማርቆስ ላይ ብርዱ ያካክሰዋል፤ የባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት ግን አይምርም፣ ስለዚህ ቢያንስ ባለ ሁለት ፋን ካርድና ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ ምረጥ። ፊት ለፊት ሁለት አስገቢ፣ ከኋላ አንድ አስወጪ ፋን ይበቃል። በበጋ አቧራውን ቶሎ ቶሎ በለስላሳ ብሩሽ ጥረግ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣትህ ይዘህ።

ጌም ላይ ካርዱ ከ80 ዲግሪ ካለፈ የኬዙን ጎን ከፍተህ ሞክር። ሙቀቱ በደንብ ከወረደ ችግሩ የካርዱ ሳይሆን የኬዙ አየር መግቢያ ነው።