ለዳንስ የሚሆን ወለል እንዴት ይመረጣል?

ዳንስ የጀመርኩበት አዳራሽ ወለሉ ሴራሚክ ነበር። ሲያብረቀርቅ ለጉድ ነው፤ ገና ስገባ ወደድኩት። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ቅልጥሜን ከፊት በኩል ያመኝ ጀመር። ደረጃ ስወርድ ይጠዘጥዘኛል። ጫማ ቀየርኩ፣ ማሟሟቂያ ጨመርኩ፣ ለውጥ የለም። በኋላ ያረጀ የጣውላ ወለል ያለው ቦታ ገብቼ ያንኑ ልምምድ ስሠራ ሕመሙ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ለካ ሴራሚኩ የተነጠፈው ኮንክሪት ላይ ነው። ኮንክሪት ደግሞ ንቅንቅ አይልም፤ ዘልላችሁ ስታርፉ ምቱን የሚቀበለው አጥንታችሁ ነው።

አዳራሽ ለመከራየት፣ ወለል ለማሠራት ወይም ቤት ውስጥ ለማዘጋጀት ካሰባችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. እግራችሁ ምን እንደሚሠራ ለዩ

ለሁሉም ዳንስ የሚሆን አንድ ወለል የለም። ባሌት ዝላይ ይበዛበታል፤ ዘመናዊ ዳንስ ደግሞ ከዝላዩ ሌላ መሬት ላይ መንከባለልም አለው። ከሥር ምት የሚያበርድ እንጨት፣ ከላይ ስስ የቪኒል (የፕላስቲክ) ንጣፍ ይስማማቸዋል። ንጣፉን ዳንሰኞች ማርሊ ይሉታል። ስሙ የመጣው ድሮ ይሠራው ከነበረው ኩባንያ ነው፤ አሁን ግን ማንም ቢሠራው ማርሊ ነው። ታፕና ፍላሜንኮ ላይ ጫማው ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ስለሆነ ድምፅ የሚያወጣ ጠንካራ እንጨት ያስፈልጋል፤ የታፕ ጫማ ሥር ያለው ብረት ስስ ቪኒልን ይቧጭረዋል። ዋልትዝ፣ ታንጎና ሳልሳ ለመሽከርከር የሚመች ልሙጥ እንጨት ይወዳሉ። ብሬክ ዳንስ በጀርባና በጭንቅላት ጭምር ስለሚዞርበት ስንጥርም ሆነ ጎርበጥ ያለ መጋጠሚያ ሊኖረው አይገባም።

2. ከሥሩ ምን እንዳለ ጠይቁ

ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ነው። ጥሩ የዳንስ ወለል ድርብርብ ነው። ከላይ የሚረገጠው ንጣፍ አለ፤ ከሱ ሥር ፕላይውድ፤ ከፕላይውዱ ሥር በመስቀለኛ የተደረደረ ሞራሌ፣ ወይም የጎማና የስፖንጅ ቁራጭ። በመሃል አየር አለ። ስታርፉ ወለሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ መልሶ ይነሳል። በዓይን አይታይም፤ ጉልበታችሁ ግን ያውቀዋል።

ስለዚህ «ፓርኬ ነው» ሲሏችሁ አትዘናጉ። ኮንክሪት ላይ በቀጥታ የተለጠፈ ፓርኬ ለዓይን እንጨት ነው፤ ለጉልበት ግን ያው ኮንክሪት ነው። ከልክ በላይ መለስለስም ጥሩ አይደለም። ወፍራም ስፖንጅ ላይ እግር ይሰምጣል፣ ቁርጭምጭሚት ይዋልላል።

ከሻጭ የምትገዙ ከሆነ ቁጥር ጠይቁት። ኢኤን 14904 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ የወጣው ለቤት ውስጥ ስፖርት ወለሎች ቢሆንም ለዳንስም ጥሩ መነሻ ነው። ኮንክሪትን እንደ 0 ይወስድና ወለሉ ከሱ አንጻር ምቱን ከ25 እስከ 75 በመቶ እንዲቀንስ ይጠይቃል። ዝላይ የሚበዛበት ዳንስ ከሆነ ወደ ላይኛው ቁጥር የተጠጋውን ፈልጉ።

3. በሰውነታችሁ ፈትኑት

ወረቀት ባይኖርም ሰውነት አይዋሽም። ጫማችሁን አውልቁ። በጣቶቻችሁ ቁሙና ተረከዛችሁን ጣል አድርጉት። ምቱ ጥርሳችሁ ድረስ ከመጣ መልሱን አግኝታችኋል። ቀጥሎ ዝም ብላችሁ ቁሙና ጓደኛችሁ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ይዝለል። ከሥሩ አየር ያለው ወለል ከሆነ እግራችሁ ሥር ይሰማችኋል፤ ኮንክሪት ከሆነ ምንም የለም። ድምፁንም ስሙ። ከሥሩ ክፍት የሆነ እንጨት ጎርነን ይላል፤ የተለጠፈው ደረቅ ድምፅ ይሰጣል።

መሃሉን ብቻ ሞክራችሁ አትውጡ፤ ጥጋጥጉንም ርገጡ። አንዱ ጋ ጠንክሮ ሌላው ጋ የሚሰምጥ ወለል እግርን ያታልላል። ለእኔ ከሁሉ የሚያስፈራው እሱ ነው።

4. መንሸራተቱንም መያዙንም እዩ

የሚያንሸራትት ወለል እንደሚጥል ሁሉም ያውቃል። የሚይዝ ወለልም ይጎዳል። እግር ተጣብቆ ሰውነት ሲዞር ጥምዘዛው ጉልበት ላይ ያርፋል። ከላይ ያነሳሁት የአውሮፓ ደረጃ ለመንሸራተት ልኬት ከ80 እስከ 110 የሚል ክልል ያስቀመጠው ለዚህ ነው፤ ማነሱም መብዛቱም ጥፋት ነው።

በምትደንሱበት ጫማ ሩብ ዙር ቀስ ብላችሁ ዙሩ። እግራችሁ ሳይያዝና ሳያመልጥ ከዞረ ጥሩ ነው። ወለሉ በምን እንደሚጸዳም ጠይቁ። ሰም የሚቀባ ወይም ቅባት ባለው ነገር የሚወለወል ከሆነ ዛሬ ደህና ቢሆንም ነገ ሊያንሸራትት ይችላል። ቪኒል ላይ ደግሞ ዳንሰኞች እንዳያንሸራትታቸው የሚጠቀሙበት የሙጫ ዱቄት አይነስነስ፤ ንጣፉን ያጣብቀዋል።

5. ተንበርከኩና እዩ

ከላይ ቆሞ የማይታይ ብዙ ነገር አለ። ያረጀ የናይለን ካልሲ በእጃችሁ አጥልቃችሁ ጣውላውን ዳብሱት፤ ስንጥርና ብቅ ያለ ሚስማር ካለ ይይዘዋል። የቪኒሉ መጋጠሚያ ላይ ስኮቹ ተነስቶ እንደሆነ በጣታችሁ ፈትሹ። ብይ አስቀምጡና ተንከባልሎ የሚሄድ ከሆነ ወለሉ ያዘነብላል። አንዱ ሌላውን ወደ ላይ የሚያነሳበት ዳንስ ከሆነ ጣሪያውን፣ ምሰሶዎቹንና መስታወቱን ቀና ብላችሁ እዩ።

6. ቤት ውስጥ ከሆነ

ሊሾ ወይም ሴራሚክ ላይ በቀጥታ አትዝለሉ። ምንጣፍ ላይም አትሽከርከሩ፤ እግር ይይዛል። ጠጠር ያለ፣ እርስ በርሱ የሚጋጠም የስፖንጅ ንጣፍ ዘርጉ። በላዩ ሁለት ድርብ ፕላይውድ አድርጉ፤ የላይኛው መጋጠሚያ ከታችኛው ጋር አይገጣጠም። ሁለቱን በብሎን እሰሩ። ብሎኑ ከሁለቱ ውፍረት ድምር ያጠረ ይሁን፤ አለዚያ ጫፉ ስፖንጁን ይወጋል። ከግድግዳው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርጉት፤ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ቪኒሉን ከጥቅሉ ፈትታችሁ አንድ ቀን ተዘርግቶ ይደር፤ ጠርዙን በስኮች የምትይዙት ከዚያ በኋላ ነው።